ከዓሣው በፊት ውኃውን ማርባት

የሁዳዴ ጾም ሲቃረብ የአዲስ አበባ የዓሣ ገበያ እንደሚሟሟቅ የታወቀ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየቤቱ ባይቋጭም፣ ፊሌቶ ፈላጊው ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ከዝዋይ፣ ከጫሞ፣ ከአባያና ከጣና በበረዶ የሚመጣው ዓሣ ደግሞ የትራንስፖርቱንና የብልሽቱን ወጪ ተሸክሞ ነው ሸማቹ ዘንድ የሚደርሰው። ስለዚህ ልደታ ማርያም አካባቢን በመሰለ መሐል ከተማ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው «በሮቶ ባረባስ?» ብሎ ቢያስብ አያስገርምም። የዓሣ ጫጩት የሚያራባው የምርምር ማዕከል ሰበታ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ሮቶም ገበያ ላይ አለ። አስቸጋሪው በሁለቱ መካከል ያለው ውኃ ነው።

ስሌቱን በወረቀት ላይ መሞከር ይቻላል። 5 ሺህ ሊትር በሚይዝ ሮቶ ውስጥ እያንዳንዳቸው 200 ግራም የሚመዝኑ 100 ዓሦች አሉ እንበል። ጠቅላላ ክብደታቸው 20 ኪሎ ነው። በቀን የክብደታቸውን 2 በመቶ ቢመገቡ 400 ግራም መኖ ይፈጃሉ። የመኖው ፕሮቲን 32 በመቶ ያህል ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ኪሎ መኖ 30 ግራም የሚጠጋ ናይትሮጅን በአሞኒያ መልክ፣ አብዛኛው በዓሣው ስንጥብ በኩል፣ ወደ ውኃው ይመለሳል። በዚህ ሂሳብ በቀን 12 ግራም፣ በሊትር 2.4 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ከሁሉም መርዛማ የሆነው የአሞኒያ ክፍል ደግሞ የውኃው ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል።

«ውኃውን እየቀየርኩ እገላገላለሁ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በየቀኑ ግማሹን ቢቀይር በወር 75 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ይህ የማይታሰብ ነው፤ ቢገኝም የከተማው የውኃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር እየናረ የሚሄድ ነው። ይህ ሁሉ ተከፍሎም ውጤቱ ደካማ ነው፤ አሞኒያው በሊትር ከ2.4 እስከ 4.8 ሚሊ ግራም እየዋለለ ይቀጥላል እንጂ አይጠፋም።

ሥራውን ያለ ደመወዝ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን እጅግ ያነሰ ጉዳት ወዳለው ናይትሬት ይለውጣል። የሚኖሩት ተጣብቀው ነውና ማደሪያ ይሻሉ። ለብሎኬት ማምረቻ የሚውለው ቀላልና ቀዳዳማ ድንጋይ፣ ፑሚስ፣ በበርሜል ተሞልቶ ውኃው በፓምፕ ቢመላለስበት ለዚህ ይበቃል። ችግሩ ጊዜው ነው። ሞቅ ባለ ውኃ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ከዚያም ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ገንዘብ ወጥቷል፣ የሚሸጥ ነገር የለም። ብዙውን ጀማሪ ለኪሳራ የሚዳርገውም ይህን ባዶ ጊዜ ለመዝለል መቸኮል ነው።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ ክሎሪን ደግሞ ባክቴሪያ መግደያ ነው። ስለዚህ ውኃው አንድ ሁለት ቀን ክፍት ሆኖ አየር ሊያገኝ ይገባል። ከዚያ ዓሣ ሳይገባ ትንሽ መኖ እየተጨመረ እንዲበሰብስ ይደረጋል። ቀለም በሚቀይር የጠብታ መመርመሪያ መጀመሪያ አሞኒያው፣ ቀጥሎ ናይትራይቱ ወጥተው ሲወርዱ ይታያል። ሁለቱም ዜሮ አጠገብ ሲደርሱ ጫጩት ይገባል፤ እሱም በጥቂት በጥቂቱ። ናይትራይት በድንገት ብቅ ካለ የወጥ ቤት ጨው ይረዳል። ለ5 ሺህ ሊትር፣ በሊትር ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ሚሊ ግራም ናይትራይት 100 ግራም ያህል ጨው የዓሣውን ደም ይታደጋል።

አዲስ አበባ የራሷ ጣጣም አላት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ9 ሚሊ ግራም ወደ 7 የተጠጋ ነው። ባክቴሪያዎቹም አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ ከ4 ግራም በላይ ኦክስጅን ይወስዳሉ። ፀሐይ ያገኘው ሮቶ አረንጓዴ ሲሆን ደግሞ አልጌው ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት መልሶ ይቀማል። ዓሣ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ የሚታየው ለዚህ ነው፣ ጎህ ሲቀድ። በዚያች ሰዓት መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ከቆመ የወራት ልፋት በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ፓምፕ እንግዲህ ቅንጦት አይደለም። ከሮቶው በላይ የተዘረጋ የጥላ መረብም ርካሽ ነው።

ቅዝቃዜውም ቀላል አይደለም። ቆሮሶ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውኃ ውስጥ ነው፤ ውኃው ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ይሞታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለደጅ ሮቶ ምን እንደሚያመጣ የልደታ ነዋሪ ያውቀዋል። ካርፕ ብርዱን በተሻለ ይችላል፤ ገበያው ግን ለምዶ የሚጠይቀው ቆሮሶን ነው።

ስለዚህ ሮቶውን በየካቲት የሚሞላ ሰው ሞቃቶቹን ወራት ለባክቴሪያው ይጠቀምባቸዋል፤ ጫጩቱን ሚያዝያ ላይ ያስገባል። የሚያነጣጥረውም መጪው ዓመት ሁዳዴ ላይ ነው። የዘንድሮው አልፎታል።