የዝናምን ልክ ሰፍሮ ስለ መጻፍ

ዝናምን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፤ የተሰጠውን ሰፍሮ መጻፍ ግን የሰው ሥራ ነው። ገበሬ እህሉን በቍና ሰፍሮ ወደ ጎተራ ያገባል፤ ከሰማይ ስለ ወረደው ውሃ ግን «አምና ደኅና ዘንሞ ነበር፤ ዘንድሮ ጐደለ» ብሎ በግምት ይናገራል። ግምት ለአንድ ቤት ቢበቃ ለአገር አስተዳደር አይበቃም።

ይህን አስቀድሞ ካስተዋሉት አንዱ የኮሪያ ንጉሥ ሴጆንግ ነው። ከዚያ በፊት የየአገሩ ሹማምንት ዝናም በጣለ ጊዜ ውሃው በአፈር ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደ ገባ አይተው ወደ ቤተ መንግሥት ይጽፉ ነበር። ነገር ግን ደረቅ መሬትና እርጥብ መሬት ዝናምን እኩል ስለማይጠጡ ከሁለት ስፍራ የመጣው ወሬ አይስማማም ነበር። ስለዚህ በ1441 እና በ1442 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ልኩ አንድ የሆነ ክብ መስፈሪያ ተሠርቶ በየአውራጃው እንዲቆም ሆነ። ገዢዎቹም ዝናሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ መቼ እንዳባራ፣ ጥልቀቱም ምን ያህል እንደ ሆነ እንዲጽፉ ታዘዙ።

ሥርዓቱ በኋላ ዘመን ተቋርጦ ነበርና በ1770 ንጉሥ ዮንግጆ መልሶ አቆመው። ከዚያ ወዲህ በሴኡል የተጻፈው ቍጥር ከ200 ዓመት በላይ ስለሚሸፍን የዛሬ ሊቃውንት የድርቅንና የጥጋብን ዘመን ይመረምሩበታል። በ1837 ተሠርቶ በጎንግጁ በአውራጃው ገዢ ግቢ የነበረው መስፈሪያም እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። እነዚያ ጸሐፊዎች ለማን እንደሚጠቅሙ አላወቁም፤ የዕለቱን ሥራ በዕለቱ ፈጸሙ እንጂ።

አየርንም መስፈር እንዲሁ ነው። በሃዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ፣ ከባሕር በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ፣ ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ የሚባል ሊቅ በ1958 በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መስፈር ጀመረ። በዚያን ጊዜ ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 315 ያህሉ ነበር፤ በ2024 ከ420 በላይ ሆነ። ለአንድ ዓመት ብቻ ቢሰፈር ኖሮ ዕፀዋት ሲለመልሙና ሲረግፉ የሚሆነው ከፍና ዝቅ ብቻ በታየ ነበር፤ የዓለሙ መለወጥ የታወቀው በየዓመቱ በመሰፈሩ ነው። በ1964 ገንዘብ ስላነሰ ሥራው ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥ ያ ባዶ ስፍራ እስከ ዛሬ በመዝገቡ ላይ ይታያል፤ ያለፈ ቀን ተመልሶ አይሰፈርምና።

«ሳተላይት ሁሉን ከላይ ያይ የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ሳተላይት ብዙ ጊዜ ከደመናው ራስ ቅዝቃዜ ተነሥቶ ዝናሙን ይገምታል እንጂ በምድር የወረደውን አይሰፍርም። በተራራማ አገር ደግሞ ደመናው ብዙ ሳይቀዘቅዝ ስለሚዘንም ግምቱ ይጐድላል። ስለዚህ በአገራችንም ባለሙያዎች የሳተላይቱን ግምት በምድር ጣቢያ ቍጥር ያርሙታል። ጣቢያ በሌለበት ወረዳ ማረሚያ የለም።

የወረዳ ሹማምንትና ባለመሬቶች ሊጠብቁት የሚገባው ይህ ነው። መስፈሪያው በገላጣ ስፍራ ይቁም፤ በአጠገቡ ዛፍ ወይም ቤት ቢኖር ርቀቱ ቢያንስ የቁመቱ እጥፍ ይሁን። በየማለዳው በአንድ ሰዓት ይነበብ። ዝናም ያልጣለበት ቀን 0 ተብሎ ይጻፍ፤ ያልተነበበ ቀን ግን ባዶ ይተው። ባዶና 0 አንድ አይደሉም፤ በባዶው ፈንታ 0 የጻፈ ድርቅ ያልነበረበትን ድርቅ ያሰኛል፤ በግምት ቍጥር የሞላ ደግሞ እውነተኛውን ድርቅ ይሰውራል፤ እህል ሊላክለት የሚገባው ሕዝብም ይዘነጋል።

አንድ ሚሊሜትር ጥቂት መስሎ አይናቅ። ቀድሞ ጋሻ በሚባለው፣ 40 ሄክታር ያህል በሆነ መሬት ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናም 400,000 ሊትር ውሃ ነው። ይህን ያህል ሀብት ሳይቈጠር ማሳለፍ ለአስተዳዳሪ የሚገባ አይደለም።