ለሠራነው ሥራ ሳይከፈለን ሲቀር፦ በቨርጂኒያ «ሊን» እንዴት እናስመዘግባለን?

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በቀለም ቅብ፣ በንጣፍ፣ በቧንቧና በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደሩ ወንድሞች አሉን። ሥራው አልቆ ክፍያው «በሚቀጥለው ወር» እየተባለ ሲጎተት በትዕግሥት እንጠብቃለን። ነገር ግን ሕጉ ለሐቃችን የሰጠው ዋስትና የሚያበቃበት ቀን አለው።

ይህ ዋስትና «ሊን» ይባላል። 150 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ጉልበት ወይም ቁሳቁስ ያቀረበ ሰው ያልተከፈለውን ገንዘብ በሠራበት ቤት ላይ በመያዣነት የሚያስመዘግብበት መብት ነው። መያዣው እስካልተነሣ ድረስ ባለቤቱ ቤቱን ለመሸጥ ወይም በቤቱ ለመበደር ይቸገራል። የቀጠረን ኮንትራክተር እንጂ ባለቤቱ ባይሆንም መብቱ አለን፤ መጠኑ ግን ባለቤቱ ለዋናው ኮንትራክተር ካለበት ዕዳ አይበልጥም። በመንግሥት ሕንፃ ላይ ሊን አይመዘገብም።

ልንጠብቃቸው የሚገቡ ነጥቦች፦

1. ላይሰንስ፦ ሥራው የኮንትራክተር ላይሰንስ የሚጠይቅ ሆኖ ከሌለን ሊን የማስመዝገብ መብት የለንም።

2. የመጀመሪያው ማስታወቂያ፦ በአንድ ወይም በሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ቤት የግንባታ ፈቃዱ ላይ የሊን ወኪል ስም ካለ፣ ሥራ በጀመርን በ30 ቀን ውስጥ ለወኪሉ በጽሑፍ እናሳውቃለን። በእጅ ወይም በአደራ ደብዳቤ ማድረስ ይቻላል።

3. ምዝገባ፦ ቤቱ በሚገኝበት ካውንቲ ወይም ከተማ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይፈጸማል። ጊዜው መጨረሻ ከሠራንበት ወር ማብቂያ ጀምሮ 90 ቀን ነው። ማርች 12 ሥራ ካቆምን ቆጠራው ከማርች 31 ተነሥቶ ጁን 29 ያበቃል። ግንባታው ካለቀ ወይም ከተቋረጠ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከ90 ቀን ማለፍ የለበትም። በኮንትራክተር ሥር የሠራን ከሆነ ለባለቤቱም በጽሑፍ እናሳውቃለን።

4. ሒሳቡ፦ ከመጨረሻው የሥራ ቀን 150 ቀን ቀድሞ የተሠራው አይካተትም።

5. ክስ፦ ምዝገባው ብቻውን ገንዘብ አያስገኝም። ካልከፈሉን ከምዝገባው በኋላ በ6 ወር፣ ወይም ግንባታው ባለቀ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት አለብን፤ የሚዘገየው ቀን ይወሰዳል።

ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ዕዳን እንድንጽፍ ያዘናል። ውላችንን፣ የሠራንባቸውን ቀናት፣ የዕቃ ደረሰኞችንና የስልክ መልእክቶችን እናስቀምጥ። ክፍያ ከዘገየብን ወር በላይ ሳንጠብቅ የግንባታ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ እናማክር።