ካርታውን የሚሠራው ማነው?

ካርታ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የኢትዮጵያ ካርታ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ግን መሬት ላይ በአመድና በጠጠር ስለሚሠራ ካርታ ነው።

የላስታ መሬት ተዳፋት ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ አፈራችንን ጠርጎ ወደ ተከዜ ይወስደዋል። ለዚህ ነው ሕዝቡ በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ሥራ የሚወጣው። እርከኑ የት ይሠራ? የትኛው ተራራ ከከብት ይከለል? ይህን ለመወሰን መጀመሪያ ካርታ ያስፈልጋል። የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. ባወጣው የተፋሰስ መመሪያ መሠረት ደግሞ ባለሙያ ብቻውን አያቅድም፤ ነዋሪው አብሮት ነው። በሰፈራችን ሲሠራ እንዳየሁት ወንዙ በአመድ፣ ቤቱ በጠጠር፣ ዛፉ በቅጠል ይታያል። ከዚያ ወረቀት ላይ ይገለበጣል። አሁን ጂፒኤስም አለ፤ ከሳተላይት ምልክት እየተቀበለ የቆማችሁበትን ቦታ በቁጥር የሚነግር መሣሪያ ነው፣ ስልክ ላይም ይገኛል።

ታዲያ ሳተላይት ካለ ሰው ለምን ይጠየቃል? ሳተላይት ከላይ ሆኖ ቦረቦሩንና ዛፉን ያነሳል፤ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ግን አያውቅም። ይህን ለአያቴ ስነግራት «እሱ ውሃ ቀድቶ ያውቃል እንዴ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ግን እኮ ልክ ናት! ባዶ የሚመስለው ተዳፋት የጣሪያ ሣር የሚታጨድበት ወይም ወደ ምንጭ የሚያቋርጡበት ሊሆን ይችላል። መንገዱ ካርታው ላይ ካልተሣለ፣ ቦታው ሲከለል እሱም አብሮ ይዘጋል። ከዚያ ጀሪካን ተሸክማ በሩቅ የምትዞረው ማን ትመስላችኋለች?

ባሌ ዲንሾ ላይ መልካ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከነዋሪዎች ጋር የሠራው ካርታ ደግሞ እንደ ተራራ ከፍና ዝቅ ያለ ነው። የከፍታ መስመሮችን እየተከተሉ ካርቶን መቁረጥ፣ አንዱን በአንዱ ላይ መለጠፍ ነው፤ ተራራው ብቅ ይላል። ከዚያ ሽማግሌዎች ጫካውንና ምንጩን በቀለም ያሳያሉ። ለአቡነ ዮሴፍ ቢሠራ እንዴት ጥሩ ነበር! ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፣ ሰዉም ከብት ያሰማራበታል።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም። ባየሁት ጊዜ ጠጠሩን የሚያስቀምጡት አባወራዎች ብቻ ነበሩ። ቦረቦሩን ግን ፍየል ጠባቂ ልጅ ይበልጥ ያውቀዋል። ስለዚህ ክበባችን የትምህርት ቤታችንን አካባቢ በካርቶን ሊሠራ ስላሰበ፣ ቤታችሁ ባዶ ካርቶን ካለ አምጡልን፤ ውሃ የምትቀዱበትንም ቦታ ንገሩን።