የፖሊስ ውሻ ዝርያዎችና የአካል መጠናቸው

የፖሊስ ውሻ ወንጀልን ለመከላከልና ለመመርመር የሠለጠነ፣ ከአንድ ፖሊስ ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ውሻ ነው። ሥራው ተጠርጣሪን ማሳደድና መያዝ፣ የጠፋን ሰው ዱካ መከተል፣ ወይም የተደበቀ ፈንጂና አደንዛዥ ዕፅ አሽትቶ ማግኘት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው የፖሊስ ውሻ ሲባል ግዙፍና አስፈሪ እንስሳ ይታየዋል። ይሁን እንጂ ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጡት ዝርያዎች ከግዙፎቹ ወገን አይደሉም። ተጠርጣሪን ለማሳደድ የሚሠለጥኑት አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ መካከለኛ ውሾች ሲሆኑ፣ ለፍተሻ ብቻ የሚያገለግሉት ከዚህም በጣም ሊያንሱ ይችላሉ። የውሻው ተስማሚ መጠን የሚወሰነው በሚሰጠው ሥራ ነው።

አጀማመር

ውሻ ለአደንና ለጥበቃ ሰውን ማገልገል ከጀመረ ሺህ ዓመታት ቢያልፉም፣ በተደራጀ መልክ ወደ ፖሊስ ሥራ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የለንደን ፖሊስ «ጃክ ዘ ሪፐር» በሚል ስም የሚታወቀውን ነፍሰ ገዳይ ሲፈልግ፣ ባርናቢና በርጎ የተባሉ ሁለት ብለድሃውንድ ውሾችን በከተማዋ መናፈሻ ውስጥ ሞክሮ ነበር። ገዳዩ ግን ሳይያዝ ቀርቷል።

ቋሚ የፖሊስ ውሻ ክፍል በማቋቋም በቀዳሚነት የምትጠቀሰው የቤልጅየሟ ጌንት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1899 የከተማዋ የፖሊስ አዛዥ ኤርነስት ቫን ቬሰማል ውሾች ከሌሊት ተረኛ ፖሊሶች ጋር እንዲዘዋወሩ አደረጉ። አሠራሩ ቶሎ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። የኒው ዮርክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1907 ከቤልጅየም ውሾችን አስመጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በእንግሊዝ የሃል ወደብን የሚጠብቀው የባቡር ፖሊስ ኤርዴል ቴሪየር የተባለውን ዝርያ ሥራ ላይ አዋለ።

በዚያው በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ ጀርመናዊ የጦር መኮንን የጀርመን እረኛ ውሻ ማኅበርን መሠረተ። በኢንዱስትሪ መስፋፋት ምክንያት በግ ጠባቂ ውሾች የሚፈለጉበት ሥራ እየቀነሰ ስለመጣ፣ ማኅበሩ ዝርያውን ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት አገልግሎት ማስተዋወቅ ጀመረ። በሳርብሩከን ከተማ የፖሊስ ባልደረባ የነበረው ኮንራድ ሞስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1906 የአገልግሎት ውሾችን ማሠልጠን ጀምሮ፣ በ1910 የአሠለጣጠን መጽሐፍ አሳተመ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1920 በበርሊን አቅራቢያ ባለችው ግሩንሃይደ የፖሊስ ውሾች ማሠልጠኛ ተከፈተ።

ዛሬ በፖሊስ ሥራ ግንባር ቀደም የሆኑት የጀርመኑና የቤልጅየሙ ውሾች ሁለቱም የእረኛ ውሾች መሆናቸው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የእረኛ ውሻ ቀኑን ሙሉ ከመንጋው ጋር ይሮጣል፤ ከሩቅ የሚሰጠውን ትእዛዝ ይሰማል፤ ያፈነገጠውን በግ ሳይጎዳ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ለመቻል ቀላል፣ የማይደክምና ታዛዥ መሆን ነበረበት። ከመቶ ዓመት በኋላም ፖሊስ ከውሻ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የአካል መጠን ለምን ወሳኝ ሆነ?

ውሻ በገዘፈ ቁጥር የበለጠ ይጠቅማል የሚለው አስተሳሰብ ከሥነ ፍጥረት ሕግ ጋር ይጋጫል። አንድ ዓይነት የአካል አቋም ያላቸው ሁለት ውሾች አሉ እንበል፤ አንዱ 28 ሌላው 56 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። የሁለተኛው ክብደት የመጀመሪያው 2 እጥፍ ነው። የአጥንቱና የጡንቻው ጥንካሬ ግን በውፍረታቸው ስፋት ስለሚወሰን የሚያድገው ወደ 1.6 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ሙቀት የሚያወጣበት የቆዳው ስፋትም እንዲሁ 1.6 እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ትልቁ ውሻ እጥፍ ሸክም ቢሸከምም፣ ሸክሙን የሚችልበት አቅም በዚያው ልክ አላደገም።

ይህ በሥራ ላይ በሦስት መንገድ ይታያል።

የመጀመሪያው ዝላይ ነው። ከአጥር ላይ የሚዘል ውሻ መሬት ሲነካ ክብደቱን የሚቀበሉት የፊት እግሮቹና ትከሻው ናቸው። ከባድ ውሻ በየዕለቱ እንዲህ ከዘለለ መገጣጠሚያዎቹ ቶሎ ይጎዳሉ። የዳሌና የክርን መገጣጠሚያ በትክክል አለመግጠም የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግርም በትልልቅና በከባድ ዝርያዎች ላይ ይበዛል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልብም፤ በዋናነት የሚቀዘቅዘው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። የሚያለከልክ ውሻ ደግሞ በሚገባ ማነፍነፍ አይችልም፤ ምክንያቱም በማነፍነፍ ጊዜ አፉን ገጥሞ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል አየር በአፍንጫው ይስባል። በሙቀት ቶሎ የሚዳከም ውሻ እግሩ ብቻ ሳይሆን አፍንጫውም ሥራ ያቆማል ማለት ነው። አፍንጫቸው አጭርና ጥፍጥፍ የሆነ ዝርያዎች ለዚህ ሥራ የማይመረጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከፖሊሱ ጋር ያለው ጉዳይ ነው። ውሻው በመኪና ውስጥ ባለ ሳጥን ይጓጓዛል፤ አንዳንዴ በመስኮት ወይም በአጥር ላይ ተነሥቶ መሻገር አለበት። ቢቆስልም ተሸክሞ የሚያወጣው ያው ፖሊስ ነው። የ28 ኪሎ ውሻ ይህን ሁሉ ይፈቅዳል፤ የ60 ኪሎ ውሻ ግን ለአንድ ሰው ይከብዳል።

በሌላ በኩል፣ አዋቂ ሰውን ይዞ ማቆም ያለበት ውሻ ከልክ በላይ ትንሽ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የማሳደድ ሥራ የሚፈልገው ሰውን ለማስቆም የሚበቃ፣ ለመዝለልና ለረጅም ሩጫ ግን የማይከብድ መካከለኛ ውሻ ነው።

ለማሳደድና ለመያዝ የሚመረጡ ዝርያዎች

ከዚህ በታች ያሉት ልኬቶች ዓለም አቀፉ የውሻ ዝርያዎች ፌዴሬሽን ካወጣው መሥፈርት የተወሰዱ ናቸው። ቁመት የሚለካው ከመሬት እስከ ትከሻ ጫፍ ነው።

ጀርመን ሸፐርድ፦ ወንዱ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር፣ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም፤ ሴቷ ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከ22 እስከ 32 ኪሎ ግራም። መከታተልን፣ ጥበቃንና ማነፍነፍን አጣምሮ መሥራት ስለሚችል ለብዙ አሥርት ዓመታት የፖሊስ ውሻ ምሳሌ ሆኖ ቆይቷል።

ማሊንዋ፦ ስሙን ያገኘው መኸለን ከምትባለው የቤልጅየም ከተማ የፈረንሳይኛ መጠሪያ ነው። የወንዱ ቁመት 62 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን ክብደቱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ነው፤ ሴቷ 58 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሆና ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። በቁመት ከጀርመን ሸፐርድ እምብዛም ሳያንስ በክብደት ስለሚቀል ፈጣንና ዘላይ ነው። ፀጉሩም አጭር ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት በብዙ አገሮች የጀርመን ሸፐርድን ቦታ እየያዘ መጥቷል። ሆኖም ሥራ ካጣ የሚረበሽ፣ ልምድ ለሌለው ሰው አስቸጋሪ የሆነ ውሻ ነው።

ዶበርማን፦ ወንዱ ከ68 እስከ 72 ሳንቲ ሜትር፣ ከ40 እስከ 45 ኪሎ ግራም። በጀርመን አፖልዳ ከተማ ግብር ሰብሳቢ በነበረው በካርል ፍሪድሪኽ ሉዊስ ዶበርማን ስም ተሰየመ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በፖሊስ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ዛሬ ብዙም አይታይም።

ሮትቫይለር፦ ወንዱ ከ61 እስከ 68 ሳንቲ ሜትር፣ 50 ኪሎ ግራም ገደማ። ቀድሞ ከብት የሚነዳና የሥጋ ነጋዴዎችን ጋሪ የሚጎትት ውሻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1910 በጀርመን ለፖሊስ አገልግሎት ብቁ ተብሎ ታወቀ። ጉልበቱ ከፍተኛ ነው፤ ክብደቱ ግን ለረጅም ሩጫና ለተደጋጋሚ ዝላይ አያመቸውም።

አነፍናፊ ውሾች

በአማርኛ አነፍናፊ ውሻ የሚባለው ማንንም እንዲይዝ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ለእርሱ ጉልበትና ቁመት ሁለተኛ ጉዳይ ናቸው። ሰው በአፍንጫው ውስጥ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሩት፣ የውሻ ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። ከዚህ ስጦታ በተጨማሪ አነፍናፊው ውሻ ለረጅም ሰዓት ሳይሰለች የመፈለግ ፍላጎትና በሕዝብ መካከል የሚረጋጋ ጠባይ ያስፈልገዋል።

ላብራዶር ሪትሪቨር ቁመቱ ከ54 እስከ 57 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ለምግብና ለጨዋታ ባለው ጉጉት ምክንያት ሥልጠና ቶሎ ይቀበላል። ስፕሪንገር ስፓኒየል ቁመቱ 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በጠባብ ክፍሎችና በዕቃ መካከል እንደ ልቡ ስለሚንቀሳቀስ በብሪታንያ ፖሊስ ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። ቢግል ደግሞ ከ33 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቁመት አለው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቢግሎችን ያሰማራው የተከለከሉ ፍራፍሬዎችንና ሥጋን ከመንገደኞች ሻንጣ እንዲያገኙ ነው። ትንሽና ተወዳጅ በመሆናቸው መንገደኛውን አያስፈሩም።

ብለድሃውንድ ከእነዚህ ለየት ይላል። ወንዱ ከ46 እስከ 54 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከባድ ውሻ ነው፤ ሆኖም ሥራው በማሰሪያ ተይዞ የአንድን ሰው ዱካ በእርጋታ መከተል ስለሆነ ክብደቱ እንቅፋት አይሆንበትም። ዋናው ነገር መጠኑ ከሥራው ጋር መስማማቱ ነው።

እጅግ ትንንሾቹ

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በጊዮጋ ካውንቲ የሸሪፍ ጽሕፈት ቤት ያገለገለችው ሚጅ የቺዋዋና የራት ቴሪየር ድቅል ነበረች። ቁመቷ 28 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለነበረ ጊነስ የዓለም ትንሿ የፖሊስ ውሻ ብሎ መዝግቧታል። እ.ኤ.አ. በ2006 አደንዛዥ ዕፅ ለመፈለግ ብቁ መሆኗ የተመሰከረላት ሲሆን፣ መጠኗ ትልቅ ውሻ በማይገባባቸው ጠባብ ቦታዎችና በመኪና ውስጥ መፈተሽ አስችሏታል። በጃፓን ናራ ደግሞ ሞሞ የተባለች 3 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን ቺዋዋ እ.ኤ.አ. በ2010 የፖሊስ ውሻ ፈተና አልፋለች። የታሰበላት ሥራ በፍርስራሽ ክፍተቶች ሾልኮ በመግባት ሰው መፈለግ ነበር።

ዝርያ ብቻውን አይበቃም

ዝርያ የአካልን መልክና መጠን በደንብ ይናገራል፤ የአንዱን ውሻ ጠባይ ግን በእርግጠኝነት አይተነብይም። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ባለቤቶች የጠየቀ ጥናት፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የተጠኑት በአብዛኛው የቤት ውሾች ስለሆኑ ውጤቱ ለሥራ ተብለው በሚዳቀሉ ውሾች ላይ እንዳለ አይሠራም፤ ይሁንና ከስም ይልቅ እያንዳንዱን ውሻ መፈተን እንደሚገባ ያስገነዝባል።

በአንድ ዝርያ ውስጥም ልዩነት አለ። ለውድድርና ለመልክ የሚዳቀሉ ጀርመን ሸፐርዶች ለሥራ ከሚዳቀሉት በአቋምም በጠባይም ይለያሉ። ስለዚህ መራጮች ውሻውን በተግባር ይፈትኑታል። ኳስ በረጅም ሣር ውስጥ ተጥሎለት ምን ያህል ጊዜ ሳይታክት እንደሚፈልግ ይታያል፤ በሚያንሸራትት ወለልና በጨለማ ደረጃ ላይ ይሄዳል፤ የተኩስ ድምፅ ይሰማል። የዳሌውና የክርኑ መገጣጠሚያ በራጅ ይመረመራል። በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ያለ ምክንያት የሚናከስ ውሻ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን አይመረጥም።

የተሳሳተ ምርጫ የሚያስከትለው ጉዳት

የውሻ ምርጫ የሰውን አካልና መብት የሚነካ ጉዳይ ነው። ተናካሽ ውሻ የመንግሥት ኃይል መሣሪያ ነው፤ እንደ ዱላ ግን በፖሊሱ እጅ ውስጥ አይቆይም። ከተለቀቀ በኋላ የሚያቆመው ሥልጠናው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1963 በአሜሪካ በርሚንግሃም ከተማ ፖሊስ ለእኩልነት ሰላማዊ ሰልፍ በወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ጀርመን ሸፐርዶችን ሲያሰማራ የተነሡት ፎቶግራፎች ዓለምን አስቆጥተዋል። ውሾቹ የታዘዙትን ፈጽመዋል፤ ጥፋቱ የላኳቸው ሰዎች ነበር።

ከዚህ የተነሣ አንዳንድ የፖሊስ ተቋማት ውሻው ተጠርጣሪውን ሲያገኝ ወዲያው ከመንከስ ይልቅ ከፊቱ ቆሞ እንዲጮኽ ያሠለጥናሉ። ሕዝብ በሚበዛበት ቦታም የውሻው መልክ ከግምት ይገባል፤ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ለመንገደኞች ፍተሻ ጆሯቸው የተንጠለጠለ ውሾችን እንደሚመርጥ የገለጸው ጆሮ ቀጥ ያሉት ሰውን፣ በተለይም ሕፃናትን፣ ስለሚያስፈሩ ነው። ፈንጂ የሚፈልግ ውሻ ያገኘውን ዕቃ እንዳይቧጭር፣ ይልቁንም ዝም ብሎ በመቀመጥ እንዲያመለክት ይሠለጥናል፤ አንድ ጭረት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላልና።

ጉዳቱ ለውሻውም ይተርፋል። አብዛኞቹ የፖሊስ ውሾች ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ሥልጠና ጀምረው ከ8 እስከ 10 ዓመት ሲሞላቸው በጡረታ ይሰናበታሉ። አቅሙን የሚያልፍ ሥራ የተሰጠው ውሻ ከዚያ ቀድሞ ያነክሳል፤ ብዙ ወራት የፈጀው ሥልጠናም አብሮ ይባክናል። በዚህ ምክንያት የውሻ ክፍል የሚያቋቁም ተቋም አስቀድሞ የሚወስነው ውሻው የሚሠራውን ሥራ፣ ቦታውንና የአየር ጠባዩን ነው፤ ዝርያውና መጠኑ የሚመረጡት ከዚያ በኋላ ነው።