የእናቴ ብረትና የጋላክሲው እብጠት

ስለ ጋላክሲ ልጽፍ ነው ስል የማኅበራችን ልጆች «ነርሲንግ የምትማር ልጅ ምን አገባት?» ብለው ሳቁብኝ። ያገባኛል። እናቴ ብረት አንሷት ኪኒን ታዘዘላት፤ የደም ምርመራውን ሳስረዳት «ለመሆኑ ይሄ ብረት መጀመሪያ ከየት መጣ?» አለችኝ። ከምግብ፣ ምግቡም ከአፈር። ከዚያ ወዲያ መልሴ አለቀ።

ከከዋክብት ነው። እዚሁ ደቡብ ለንደን፣ ቱልስ ሂል፣ ዊልያም ሃጊንስ ከዊልያም ሚለር ጋር የከዋክብትን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ እነብረትን፣ ሶዲየምንና ካልሲየምን አገኘ፤ ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1864 ነው።

ብረቱ መቼ እንደተሠራ ማወቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግዙፍ ኮከብ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ነዳጁን ጨርሶ ይፈነዳል፤ ብዙ ኦክስጅንና ማግኒዚየም፣ ትንሽ ብረት ይረጫል። ነጭ ድንክ የሚባለው የሞተ ኮከብ ቅሪት ሲፈነዳ ደግሞ ብዙ ብረት ይሰጣል፤ ይሄኛው ግን ይዘገያል፤ አንዳንዱ ከቢሊዮን ዓመት በላይ። የተረጨው ጋዝ ለሚቀጥሉት ከዋክብት እርሾ ነው። እናቴ ከአንዱ ሊጥ እርሾ አስቀርታ ሌላውን እንደምታቦካው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ኮከብ ከብረቱ አንጻር ማግኒዚየሙ ከበዛ፣ የተወለደው ዘግይቶ የሚመጣው ብረት ሳይደርስ ነው። ዎርድ ላይም አንድ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ከሌላው ጋር እናስተያየዋለን።

ከፍኖተ ሐሊብ መሃል፣ ከእኛ 26,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ ከዋክብት የተጨናነቁበት እብጠት አለ (ለነርስ የሚያስደነግጥ ስም ነው)። ፍራንቸስካ ማቴውቺና ኤንዞ ብሮካቶ በ1990 ስለዚህ እብጠት ሞዴል ሠሩ። ጋዙ በምን ፍጥነት ኮከብ ይሆናል? ከሚወለዱት ውስጥ ግዙፎቹ ስንት ናቸው? እነዚህን አስገብተው ሲያሰሉ፣ እብጠቱ በጥድፊያ ከተሠራ ብረት የጠገቡት ከዋክብት እንኳ ትርፍ ማግኒዚየም ሊኖራቸው ይገባል የሚል ውጤት አገኙ። ልኬቱ የመጣው በኋላ ነው። በ1994 አንድሩ ማክዊልያምና ማይክል ሪች 11 ግዙፍ ከዋክብትን መርምረው ማግኒዚየሙን እንደተባለው በዝቶ አገኙት። ሲሊከንና ካልሲየም ግን አልታዘዙም። በጣም የወደድኩት ይህንን ነው፤ ትንበያው ልክ ሆኖም ሥራው አላለቀም።

አሁንም አላለቀም። ቶማስ ቤንስቢና ባልደረቦቹ፣ ሌላ ኮከብ ከፊታቸው ሲያልፍ በስበቱ ብርሃናቸውን የሚያጎላላቸውን ትናንሽ የእብጠቱን ከዋክብት ለኩ። ብረት ከበዛባቸው መካከል ዕድሜያቸው ከ8 ቢሊዮን ዓመት በታች የሆኑ ጥቂት አይደሉም። ሁሉም በአንድ ጥድፊያ ከተወለዱ እነዚህ ከየት መጡ? ሌሎች የከዋክብቱን ቀለምና ድምቀት አይተው እብጠቱ ከሞላ ጎደል አሮጌ ነው ይላሉ።

ከለንደን የጋላክሲው መሃል ቢበዛ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ይላል፤ ሕንፃ ይጋርደዋል። ከእንጦጦ ግን 52 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። መስቀል ሰሞን ደመናው ከተገፈፈ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ማየት ነው። አዲስ አበባ ስንሄድ አሳይሻለሁ አልኳት። እሷ የምታወራው ኪኒኑ ሆዷን እንዳደረቀው ነው።