ዳታው በዝቶ ነው ወይስ ፈላጊው መንገድ አጥቶ?

በኦንላይን ጫማ የሚሸጥ ጓደኛ አለኝ። በቀደም ደውሎ «ዌብሳይቴ ሞተብኝ» አለኝ። ደንበኛ ስልክ ቁጥሩን አስገብቶ ትዕዛዙን ሲፈልግ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ደንበኛውም ሰልችቶት ይወጣል። ዌብሳይቱን የሠራለት ልጅ የሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ዳታህ በዝቷል፣ ትልቅ ሰርቨር ያስፈልግሃል።» ሰርቨሩ ደግሞ በዶላር ነው የሚከፈለው፣ ያውም በየወሩ።

ቆይ ግን፣ ዳታ ስለበዛ ብቻ ዌብሳይት ይንቀራፈፋል እንዴ?

ስልካችሁ ላይ ሞክሩት። የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች አሉት፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። 400 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሁለቱንም ክፈቷቸው፤ ትልቁ ከትንሹ 400 ጊዜ አይዘገይም። ስለዚህ ብዛት ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም።

የቀበሌ ማህደር ክፍልን አስቡ። ፋይሎቹ ያለ ቁጥር የተከመሩ ከሆነ ሠራተኛዋ የእናንተን ለማግኘት ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ማገላበጥ አለባት። 100 ፋይል ከሆነ ችግር የለውም። 100 ሺህ ከሆነ ግን «ነገ ተመለሱ» ነው። ዳታቤዝም የሚፈልገውን የሚጠቁመው ነገር ከሌለ ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያነባል። ዳታው እጥፍ ሲሆን ሥራውም እጥፍ ይሆናል።

መፍትሔው ኢንዴክስ ይባላል፤ በቅደም ተከተል የተደረደረ ማውጫ ነው። በተደረደረ ነገር ውስጥ መሃሉን አይቶ ግማሹን መጣል፣ ከቀረውም እንደገና ግማሹን መጣል ይቻላል። በዚህ መንገድ ከ1 ሚሊዮን መዝገብ አንዱን ለማግኘት 20 እርምጃ ገደማ ይበቃል። ከ1 ቢሊዮን ለማግኘትስ? 30 ገደማ! ዳታው 1,000 እጥፍ አድጎ የተጨመረው 10 እርምጃ ብቻ ነው።

የጓደኛዬ ሰንጠረዥ ሲታይ ስልክ ቁጥር ላይ ኢንዴክስ አልነበረውም። በአንድ መስመር ትዕዛዝ ተጨመረ፤ ፍለጋውም ወዲያው መለሰ።

ታዲያ ሁሉም ነገር ላይ ኢንዴክስ ብንጨምርስ? ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ «ወጪውስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ኢንዴክስ ቦታ ይይዛል። አዲስ ትዕዛዝ በገባ ቁጥር እያንዳንዱ ማውጫ መስተካከል ስላለበት መመዝገቡ ይዘገያል። ስለዚህ ሰው አዘውትሮ የሚፈልግበትን መርጦ መጨመር ነው።

ብዛት በእርግጥ የሚከብድበት ጊዜም አለ። በተደጋጋሚ የሚፈለገው ዳታ ከሰርቨሩ ራም በላይ ሲሆን ዳታቤዙ ወደ ዲስክ መመላለስ ይጀምራል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም በጣም ይዘገያል። የዓመቱን ሽያጭ በሙሉ የሚደምር ሪፖርትም ሁሉንም መዝገብ ማንበቡ አይቀርም፤ ባክአፕ መውሰዱም ይረዝማል። ያኔ የቆየውን ዳታ ለይቶ ማስቀመጥ፣ ወይም እውነትም ትልቅ ሰርቨር መግዛት ተገቢ ነው።

ሌላው ዘዴ ካሽ ነው። ዊኪፔዲያ ለእያንዳንዱ አንባቢ ገጹን ከዳታቤዝ እንደ አዲስ አያዘጋጅም፤ ለአብዛኛው ሰው ቀድሞ የተዘጋጀውን ቅጂ ነው የሚያድለው። እንጀራ ተጋግሮ መሶብ ውስጥ ካለ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ምጣድ አይጣድም።

ስለዚህ ሱቅም ሆነ ሌላ ዌብሳይት ያላችሁ ልጆች፣ «ዳታ በዝቷል» ስትባሉ ዶላር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ጠይቁ። የዘገየው የትኛው ፍለጋ ነው? ኢንዴክስ አለው? ደንበኛው 20 ጫማ ማየት ሲበቃው ገጹ 5,000 እየጠራ ይሆን?

ጓደኛዬ ትልቁን ሰርቨር አልገዛም። ለሱ ባሰበው ብር ጫማ ጨመረበት።