ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ ያውቃልን?

ባለፈው ሳምንት አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ የኮምፒዩተር ትምህርቱን ሊተው መሆኑን ነገረኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው «ቲቸር፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ከማሽኑ ጋር በምን እግባባለሁ?» አለ። ይህንኑ ከወላጆችም ሰምቻለሁና ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ኮምፒዩተር እንግሊዝኛ አያውቅም። የሚለየው የኤሌክትሪኩን ከፍ ማለትና ዝቅ ማለት ብቻ ነው፤ እኛ 1 እና 0 ብለን እንጽፈዋለን። የመጀመሪያዎቹ ባለሙያዎች ትእዛዛቸውን በቁጥር ይጽፉ ነበር። ስሕተት ሲገባ ፈልጎ ማግኘቱ ከጤፍ ውስጥ አሸዋ እንደ መልቀም ነው። በኋላ ለየትእዛዙ አጭር ስም ተሰጠው፤ ይህም አሰምብሊ ይባላል።

በ1952 እ.ኤ.አ. ግሬስ ሆፐር የተባለች አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ ኤ-ዜሮ የተባለ ፕሮግራም ሠራች። በምልክት የተጠሩ ትእዛዞችን ሰብስቦ ወደ ማሽኑ ቁጥር የሚያቀናብር ነበር። በ1957 ጆን ባከስና የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረቦቹ ፎርትራንን አወጡ፤ ሰው ቀመሩን እንደ ለመደው ይጽፋል፣ መተርጎሙ የማሽኑ ፋንታ ሆነ። ቤዚክ በ1964፣ ሲ በ1972፣ ፓይተን በ1991 ተከተሉ።

ትርጉሙ የሚካሄደው በሁለት መንገድ ነው፤ እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ማመልከቻ ጽፋችሁ ለተርጓሚ ብትሰጡ ሙሉውን ተርጉሞ ይመልስላችኋል፤ ከዚያ ወረቀቱ ያለ እሱ ይሄዳል። ይህ ኮምፓይለር ነው፤ ሲ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሠራል። በቃለ መጠይቅ ቀን ግን አስተርጓሚው አጠገባችሁ ተቀምጦ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ያቀብላል፤ እሱ ከተነሣ ንግግሩ ይቆማል። ይህ ኢንተርፕረተር ነው፤ የፓይተን መንገድ ነው። ፍጥነቱ ያንሳል፣ ለጀማሪ ግን ይመቻል።

አንድ ልዩነት አለ። ሰው የሆነ አስተርጓሚ «እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው» ብሎ ያቃናላችኋል። ማሽኑ አያቃናም፤ በሲ አንዲት ምልክት ብትረሱ ሥራውን አልቀበልም ይላል።

እንግሊዝኛውስ? በ1989 ደረጃ የወጣለት ሲ የራሱ ቃላት 32 ብቻ ናቸው። በአንድ ሳምንት ይያዛሉ። በ2008 የወጣው ሦስተኛው ፓይተን ደግሞ ለምታወጡት ስም የራሳችንን ፊደል ይቀበላል። መጻሕፍቱና የስሕተት መልእክቶቹ በአብዛኛው እንግሊዝኛ መሆናቸውን አልክድም፤ እነሱን አብረን እናነባለን።

ተራችሁ እስኪደርስ በደብተር ላይ ይህን ሞክሩ፤ ኮከቧ ማባዣ ናት።

ሰው = 6
ስንዴ = ሰው * 9

ስንዴ ስንት ሆነ? ሰው ወደ 7 ቢለወጥ የትኛውን መስመር ትነካላችሁ? መልሱን ሐሙስ ይዛችሁ ኑ። ያ ልጅም ይመጣል።